የአዊን ጭስ ማን ያንብበው? በሰማይ ያለችው ላም ለገበያው ትታለብ

የዚህ ገጽ ደንበኞች በየሳምንቱ የውጭ ምንዛሪውን፣ የቡናውን፣ የሰሊጡንና የጤፉን ዋጋ ሲከታተሉ ይሰነብታሉ። የዝናብ ወሬም ቢሆን ከእህል ነጋዴው ጆሮ አያመልጥም። ጭስን ግን እስካሁን ከገበያ ዜና የቆጠረው ያለ አይመስልም። ጭስ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ልብስ የሚያሸት፣ ቢበዛ ደግሞ የጤና ባለሙያ የሚናገርበት ጉዳይ ተደርጎ ተትቷል። ይህ አመለካከት ቢያንስ ለአንድ አካባቢ አይሠራም። ይኸውም ለአዊ ዞን ነው።

እንደሚታወቀው እንጅባራ፣ ዳንግላና አዲስ ቅዳም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተሰለፉ ከተሞች ናቸው። በዚህ መንገድ ላይ ከሰል በማዳበሪያ አጭቀው ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑ አይሱዙዎች ብርቅ አይደሉም። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መርካቶና በየሰፈሩ የሚራገፈው ይህ ከሰል ከተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ የመጣ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። በአብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። የፋግታ ለኮማ፣ የባንጃና የአጎራባች ወረዳዎች ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን፣ ከአውስትራሊያ የመጣውን የግራር ዝርያ እንደ ጤፍና እንደ ድንች በማሳው ላይ ተክሎ የሚያመርተው የገበያ ሰብል ነው።

አሠራሩ ለኢኮኖሚ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል። በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል። ዛፉ አራት፣ አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ይከስላል። እሳቱ የነካው መሬት ደግሞ በተራው መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አሲዳማነቱ የበዛ፣ ማዳበሪያ የሚያባክን መሬት በዚህ ዘዴ አረፍ ብሎ እንዲያገግም ተደርጓል። ከሳተላይት በተወሰዱ ምስሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሌሎች የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ደን ሲሳሳ በፋግታ ለኮማ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨምሯል። ሰማይ ላይ ያለው ካሜራ ባይኖር ኖሮ ይህንን የሚያምን ባልተገኘ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለሳተላይት መረጃ የተነገረ ይመስላል። ላሚቱ በእርግጥ አለች። በየቀኑ በአዊ ሰማይ ላይ ታልፋለች። የምትታለበውም በነፃ ነው። ጥያቄው የአገራችን ነጋዴ፣ ደላላ፣ መድን ሰጪና ባንክ ጮጮውን ይዞ ለምን አልቀረበም? የሚለው ነው።

ላሚቱ እንዴት ያለች ናት?

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም ቴራ የተባለችውን ሳተላይት ሲያመጥቅ ሞዲስ የሚባለውን መሣሪያ ጭኖባት ነበር። መሣሪያው የመጀመሪያ ምስሉን ያነሳው በየካቲት 1992 ዓ.ም ነው። ልብ ይሏል፣ ይህ ወቅት የባሌና የቦረና ደኖች በእሳት የጋዩበት፣ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ መቃጠሉ የተነገረበት፣ ተማሪና ወታደር ሳይቀር ቅጠል ይዞ ለማጥፋት የዘመተበት በጋ ነው። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም አኳ የተባለችው እህቷ ተከተለች። እነዚህ ሁለቱ በታቀደላቸው ሰዓት አንደኛዋ ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ፣ ሌላዋ ከቀትር በኋላ 7፡30 ገደማ እያለፉ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ነጥብ እሳትን ሲለዩ ኖረዋል። ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። ከጥቅምት 2004 ዓ.ም ጀምሮ የመጡት አዳዲሶቹ ሳተላይቶች የያዙት ቪርስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ነጥቡን ወደ 375 ሜትር አጥብቦታል። ሌሊትም ያያል። መረጃው በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ለማንም ሰው በነፃ ይለቀቃል።

እሳቱ ይህ ከሆነ ጭሱስ? በጥቅምት 2010 ዓ.ም የመጠቀችው የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 5ፒ በአየር ላይ የተንሳፈፈውን ጭስና አቧራ፣ እንዲሁም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ትለካለች። ጭስን ከአቧራ ለመለየት ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። አየሩ የደፈረሰው በጭስ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አብሮ ከፍ ይላል፣ በአቧራ ከሆነ ግን አይልም። ሜቴዎሳት የሚባሉት የአየር ጠባይ ሳተላይቶች በበኩላቸው ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀሱ አፍሪካን በየ15 ደቂቃው፣ አዲሶቹ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ያነሳሉ። ከሱዳን ሜዳ የሚነሳው ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል በእነርሱ ምስል ላይ በሮዝ ቀለም ደምቆ ይታያል።

አገራችንም ቢሆን ከዚህ ዓለም ውጭ አይደለችም። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ምድር የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመሬት መመልከቻ ሳተላይት የመጀመሪያችን ናት። ዘርፉን የሚመራ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለን። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለን። እንጅባራ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። እንግዲህ ላሚቱም አላቢውም አሉ ማለት ነው። የጎደለው ገዢው ነው።

ሦስት ዓይነት ጭስ፣ ሦስት ዓይነት ሂሳብ

አንድ ሰው የእሳት ካርታውን ከፍቶ አዊ ዞንን በበጋ ቢመለከት ቀይ ነጥቦች ተረጭተው ያገኛል። ከሰል የዞኑ መታወቂያ ስለሆነ “ይኸው የከሰል አክሳዮቹ ሥራ!” ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ተሳስቷል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው ይሆናል። ለምን ቢባል፣ ነጥቦቹ በብዛት የሚታዩት ከሰል በሚመረትበት ደጋ ሳይሆን በምዕራብ በኩል፣ ጃዊና አካባቢው በሚገኘው ቆላ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ረጅሙ ሣር ይደርቃል። ለከብት ለጋ ሣር እንዲያቆጠቁጥ፣ ለሰሊጥና ለሌላ እርሻ መሬት ለማጽዳት፣ አንዳንዴም ማር ቆራጭ በተወው ጭራሮ ምክንያት እሳቱ ይለቀቃል። ነበልባሉ ክፍት፣ ስፋቱ ብዙ ሄክታር ስለሆነ ሳተላይቷ አትስተውም።

የከሰል ክምር ግን ሌላ ነገር ነው። አፈር የለበሰ፣ ጥቂት ሜትር ስፋት ብቻ ያለው፣ አየር ተነፍጎ ቀስ እያለ የሚነድ ነው። ነበልባል የለውም። 375 ሜትር በሆነ ነጥብ ውስጥ ሙቀቱ ይሰወራል። ስለዚህ ከሰል አክሳዩ በእሳት ካርታው ላይ እምብዛም አይታይም። የሚታየው ጭሱ ነው፣ እርሱም ነፋስ በሌለበት ጠዋት በሸለቆ ውስጥ ተኝቶ፣ ከብዙ ክምሮች ተጠራቅሞ ሲገኝ ብቻ ነው። ይህ ሁለተኛው ጭስ ነው።

ሦስተኛው ጭስ ከነጭራሹ ጭስ አይደለም። በበጋ መጨረሻና በበልግ ወራት ሰማዩ ነጣ ብሎ፣ ጸሐይዋ ፈዛ፣ ተራራው ሲደበዝዝ ሰው ሁሉ “ጭስ ነው” ይላል። አንዳንዴ ግን ከሱዳን ሜዳና ከዚያም ወዲያ ካለው በረሃ ተነስቶ የመጣ አቧራ ነው። ይህንን ለዳንግላ ገበሬ ወይም ለአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ማስከፈል አይቻልም።

ሦስቱን ሳይለዩ ፖሊሲ ማውጣት ምን ያስከትላል? ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ባላስያዝነው ነበር። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን በሕግ ያወቀ ሲሆን፣ የደን ውጤት የሚያዘዋውረው ሰው ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃድና ኬላ ባለበት ቦታ ሁሉ መረጃ ዋጋ አለው፣ የተሳሳተ መረጃም እንዲሁ። አንድ ኃላፊ በካርታ ላይ የጃዊን ቀይ ነጥብ አይቶ የፋግታ ለኮማን ከሰል በኬላ ቢያስቆም፣ የሚከስረው በማሳው ዛፍ ተክሎ አምስት ዓመት የጠበቀው ገበሬ፣ ቀብድ የከፈለው ነጋዴና በመጨረሻም አዲስ አበባ ላይ በአንድ ማዳበሪያ ከሰል ወጥ የምትሠራው እናት ናት። የጃዊው እሳት ግን በሚቀጥለውም ኅዳር መንደዱን አይተውም።

ዋጋውን የሚነግረን ቅጠሉ ነው

እዚህ ላይ አንባቢ “ከሰል አክሳዩ በሳተላይት ካልታየ ለገበያው ምን ይጠቅማል?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ እሳቱ ባይታይ ዛፉ ይታያል የሚል ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአዊን ዲከረንስ የመታው በሽታ በአካባቢው ኢኮኖሚ ላይ ያደረሰው ጉዳት ለዚህ ገጽ አንባቢ አዲስ አይሆንም። የስንዴ ዋግን የሚያውቅ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። በፈንገስ የሚመጣ የዛፍ ዋግ ነው። ቅጠሉን ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ያለብሰዋል፣ ዛፉ ይቀጭጫል፣ ችግኙም ይደርቃል። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2013 ታይቶ የግራር ተካዮችን አስጨንቋል። ከሰኔ 2007 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠሩት ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች ማሳን በ10 ሜትር ነጥብ፣ በየአምስት ቀኑ ገደማ ያነሳሉ። የቅጠልን አረንጓዴነት በቁጥር ይለካሉ። ደመና በሌለበት ወቅት የትኛው ቀበሌ እንደገረጣ፣ የትኛው ማሳ ያለጊዜው እንደተቆረጠ፣ የት እንደገና እንደተተከለ በምስል ይለያል።

አሁን ይህንን በገበያ ቋንቋ እንመልከተው። በአዊ ዛፍ በቁሙ ይሸጣል። ነጋዴው ወይም ደላላው ገና ያልደረሰውን ማሳ አይቶ ቀብድ ይከፍላል። በሽታው ሲገባ ገበሬው ሁሉ ሳይደርቅበት ልሽጥ ብሎ ቀጭኑን ዛፍ ያለዕድሜው ይቆርጣል። በመጀመሪያው ዓመት ከሰል ይተርፋል፣ ዋጋ ይወርዳል። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የሚቆረጥ ዛፍ ይጠፋል፣ ዋጋ ይሰቀላል። ይህ በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት በሸረሪት ድር ስዕል የሚታየው የዋጋ መዋዠቅ ነው። የሚያባብሰውም በሽታው ብቻ ሳይሆን የመረጃ አለመመጣጠኑ ነው። በየቀበሌው ወሬ አቀባይ ያለው ደላላ የትኛው ማሳ እንደታመመ ቀድሞ ያውቃል። ገበሬው የራሱን እንጂ የጎረቤት ወረዳውን አያውቅም። የአዲስ አበባው ነጋዴ ደግሞ አይሱዙው ባዶውን ሲመለስ ነው የሚረዳው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ባለሙያ ማሳ ድረስ ሄዶ የሚያይበት ዕድል አልነበረም። ከሰማይ የሚያየው ግን ኬላ አያግደውም።

ሌሎች አልበውታል

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ምኞት እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ እናንሳ። የመጀመሪያው የቅርብ ጊዜ ነው። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም በአፋር ክልል ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ተጓዘ። ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ክትትል ማዕከል ከሳተላይት ምስል እየተነሳ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሕንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። በአንፃሩ አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር አመዱን ያወቀው የከብቱ ግጦሽ ሲሸፈን ነው። አመዱ ከእኛ ምድር ተነስቶ መረጃው ለሰው ገበያ ጠቀመ።

ሁለተኛው ከራሳችን ነው። በ2001 ዓ.ም በትግራይ የተጀመረው የአየር ጠባይ መድን፣ በኋላም በ2004 ዓ.ም በቦረና የተጀመረው የከብት መድን የሚሠሩት በሳተላይት መረጃ ነው። በቦረናው አሠራር ገምጋሚ ሄዶ የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይቷ የግጦሹ አረንጓዴነት ከተወሰነው ልክ በታች መውረዱን ስታሳይ ክፍያው ይፈጸማል። ለግጦሽ የሠራ ዘዴ ለዲከረንስ የማይሞከርበት ምክንያት አይታይም። በሽታና ሰደድ እሳት የሚሸፍን የደን መድን ቢኖር ባንክ በቁሙ ላለ ዛፍ ለማበደር ድፍረት ባገኘ ነበር።

የውጭ ገበያውም በዚህ አቅጣጫ እየሄደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡናና እንጨት ወደ ገበያው እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። የተፈጻሚነቱ ጊዜ ከአንዴም ሁለቴ ቢራዘምም፣ ላኪው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ እንዲያስመዘግብ መጠየቁ አልቀረም። ከእንግዲህ ሳተላይትን የማያነብ ነጋዴ ሌላው አንብቦ በሚነግረው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

ጉድለቷንም እንናገር

ላሚቱ ነውር የለባትም ማለት ግን አይደለም። አንደኛ፣ እንጅባራ ከአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በክረምት ወራት ደመናው ሳተላይቷን ይጋርዳታል። በራዳር የሚሠሩት ደመናን አልፈው መሬቱን ቢያዩም ጭስን አያዩም። ሁለተኛ፣ ሳተላይቷ የምትለካው ከመሬት እስከ ላይ ያለውን የአየር ዓምድ በሙሉ ነው። ሰው የሚተነፍሰው ግን አፍንጫው ጋ ያለውን ነው። ከላይ ያለፈ አቧራና ከታች የተኛ የከሰል ጭስ ለእርሷ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ እንጅባራና ዳንግላ ላይ መሬት የተተከለ መለኪያ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። በነፃ የተሰጠ መረጃ በነፃ ይቋረጣል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት ሲያሰራጭ የቆየውን የአየር ጥራት መለኪያ ውጤት በየካቲት 2017 ዓ.ም በዓለም ዙሪያ ካሉት ኤምባሲዎች ጋር አቁሟል። በሰው ላም የተመካ ሕፃን ምን እንደሚገጥመው መናገር አያሻም።

አንዳንዶች ደግሞ ይህ መረጃ በመንግሥት እጅ ከገባ የግብር መጫኛና የመቅጫ ዱላ ይሆናል ሲሉ ይሰጋሉ። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የበለጠ የሚሰጋው ግን ከተቃራኒው ነው። መረጃው ሕዝብ ሳያየው አዲስ አበባ ባሉ ጥቂት ባለገንዘቦች ኮምፒዩተር ውስጥ ከቀረ፣ ደላላውና ገበሬው የነበራቸው ልዩነት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የታመመውን ቀበሌ ቀድሞ ያየ ሰው በጤነኛው ቀበሌ ያለውን ዛፍ በርካሽ ቀብድ ጠቅልሎ ይይዛል። ያኔ ሳተላይት የገበያ መብራት መሆኗ ይቀርና የአንድ ሰው ባትሪ ትሆናለች።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ሌላ ሳተላይት ማምጠቅ አይደለም። አንድ ገጽ የሳምንት መግለጫ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትና ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ በየሳምንቱ ሦስት ነገር ይንገረን። የሰደድ እሳት በየትኛው ወረዳ እንደታየ፣ የደፈረሰው አየር ጭስ ይሁን አቧራ፣ የዲከረንሱ አረንጓዴነት በየወረዳው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደሆነ። መግለጫው በአማርኛና በአውንጊ፣ በሬዲዮም ጭምር፣ ለሁሉም በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይውጣ። የዋጋ መረጃ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ሲገለጽ ገበያን እንዴት እንደሚያርቅ የምርት ገበያው ከሚያዝያ 2000 ዓ.ም ጀምሮ አሳይቶናል።

ወጪውን ማን ይሸፍን ለሚለው፣ ጥቅሙ የሚደርሳቸው አሉ። መድን ድርጅቶች፣ አበዳሪ ተቋማትና የከሰልና የእንጨት ነጋዴዎች ማኅበራት በጋራ ቢያዋጡ ለአንድ ድርጅት የሚከብድ ገንዘብ አይሆንም። ምስሉ ነፃ ነው፣ የሚከፈለው ለአንባቢው ባለሙያና መሬት ላይ ሄዶ ለሚያረጋግጠው ብቻ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን አንድ ደንብ ያስፈልጋል። በካርታ ላይ በታየ ነጥብ ብቻ ማንም ገበሬ እንዳይቀጣ፣ ማንም ጭነት በኬላ እንዳይያዝ፣ በቅድሚያ በአካል ተሂዶ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ደንብ።

ለባለሀብቱም አንድ ቃል። በባህላዊው ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይነዳል። ያ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጭስ ሳይቃጠል የባከነ ማገዶ ነው፣ በሌላ አነጋገር የሚበን ብር ነው። የተሻለ የማክሰያ ምድጃ ይዞ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ኢንቨስተር ከአንድ ማሳ ብዙ ማዳበሪያ ሊያወጣ፣ የገበሬውንም ሳንባ ሊያተርፍ ይችላል። የት እንደሚተክለው ግን የዛፉን ጤንነት ከላይ አይቶ ቢወስን ይሻለዋል።

ጃዊ ዘንድሮም ይነዳል። የሱዳን አቧራም ይመጣል። የአዊ ገበሬም ከዋጉ የተረፈውን ዛፍ ቆርጦ ያከስላል፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ነቅሎ ወደ ድንችና ገብስ ይመለሳል። የትኛው እንደሆነ በከሰል ዋጋ ላይ የምናየው ከወራት በኋላ ነው። ላሚቱ ዛሬ ከቀትር በኋላም በአዊ ላይ አልፋለች፣ ነገም ታልፋለች። ወተቷን ለማየት የሚቀረን ጮጮ ማቅረብ ብቻ ነው።